የጉበት ሕመምና የሆድ ውኃ፦ ኮዱ የሚሳሳትበት ምክንያትና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሕክምና ካርዶችን ኮድ ስሰጥና ከመድን ድርጅቶች የተመለሱ ሰነዶችን ሳርም ደጋግሜ ካየሁት ተነሥቼ ነው። የካርድ ቁጥሩና ስሙ መመሳከራቸውን፣ የመውጫ ማጠቃለያው መፈረሙን አንባቢ ቀድሞ እንዳረጋገጠ እቆጥራለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይለይ፦ የምትሠሩት በዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ኮድ መዝገብ፣ በአይሲዲ-10 ነው ወይስ አንዳንድ የውጭ መድን ሰጪዎች በሚጠይቁት የአሜሪካው አይሲዲ-10-ሲኤም? ከአልኮል የመጣ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ መጠጠሩ) በመጀመሪያው ኬ70.3 ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ሆድ ውኃ ካልቋጠረ ኬ70.30፣ ከቋጠረ ኬ70.31 ይባላል። የአብዛኛው ጣጣ ምንጭ ይህች የመጨረሻ አኃዝ ናት።

ምልክት፦ «ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሕመም አይሸፈንም» ተብሎ ሰነዱ ይመለሳል፤ ታካሚው ግን መጠጥ አይጠጣም

በሲኤም መዝገብ ሲሮሲስንና አሳይተስን (የሆድ ውኃን) በአንድ ላይ የያዘ ኮድ ያለው ለአልኮል ሲሮሲስ ብቻ ነው። ዓይነቱ ያልተገለጸው ሲሮሲስ፣ ማለትም ኬ74.60፣ «ከአሳይተስ ጋር» የሚል ቅርንጫፍ የለውም። ስለዚህ ኮደሩ (ኮድ ሰጪው) ሁለቱን ቃላት በመፈለጊያው ሳጥን ሲጽፍ ኬ70.31 ብቅ ይላል፤ እሱም ምክንያቱን ሳያነብ ይጫነዋል።

በማኅበር ቀን እንኳ ከጠላው የማይቀምሱ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው የተመላሹን ደብዳቤ ይዞ መጣና «እናቴን ሰካራም ብላችሁ ጻፋችሁባት» አለኝ። ካርዱን ሳወጣ ሐኪሙ በግልጽ «በሄፓታይተስ ቢ የመጣ ሲሮሲስ፣ አሳይተስ ያለበት» ብሎ ጽፏል፤ አልኮል የሚል ቃል በየትኛውም ገጽ የለም። ኮዱን የሰጠው ባልደረባችን ሲጠየቅ «ከውኃ ጋር የሚለው እሱ ብቻ ነው» ሲል መለሰ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የኮዱን ግማሽ ብቻ አንብቦ መጫን ሥራ አይደለም። ይባስ ብሎ ስሕተቱ በዚያ አላበቃም፦ ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሕመም ሲመጡ ተረኛው ሐኪም የቀድሞውን ኮድ አይቶ «የአልኮል ታሪክ ያላት» ብሎ ገልብጦታል። ስለዚህ የተላከውን ቅጽ ብቻ ሳይሆን በካርዱ ውስጥ ያለውን የሕመሞች ዝርዝርም ማረም ግዴታ ነው። የወረቀት ካርድ ከሆነ አይፋቅ፤ በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ይፈረም፣ ቀን ይጻፍበት።

መፍትሄው ይህ ነው። ለእኚህ እናት በሲኤም ኬ74.60፣ ለውኃው አር18.8፣ ለሄፓታይተሱ ደግሞ (ዴልታ፣ ማለትም ሄፓታይተስ ዲ፣ ከሌለበት) ቢ18.1 ይሰጣል፤ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በእርግጥ ከአልኮል ለመጣው ሲሮሲስ ግን ኬ70.31 ብቻውን ይበቃል። አር18.8ን ከጎኑ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው፤ መዝገቡ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠትን ስለሚከለክል ይህም ይመለሳል። አሳይተስ ላለበት የአልኮል ሄፓታይተስ፣ ማለትም ለኬ70.11ም ክልከላው ያው ነው።

በዓለም ጤና ድርጅቱ መዝገብ ኬ70.3 ወይም ኬ74.6 ዋናው ሆኖ፣ ውኃው ለብቻው ክትትል ከጠየቀ አር18 በተጨማሪነት ይጻፋል። ሐኪሙ «አሳይተስ»ን በመጀመሪያ መስመር፣ «ሲሮሲስ»ን ከሥር ቢጽፍና ታካሚው የታከመው ለሲሮሲሱ ቢሆን፣ ምልክቱን ትቶ ሕመሙን ዋና ማድረግን መዝገቡ ራሱ ያዝዛል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ምክንያቱን እናንተ አትወስኑ። በታሪኩ ገጽ «ይጠጣል» ወይም «ጫት ይቅማል» መባሉ ምርመራ አይደለም። ተቃራኒውንም አይቻለሁ፤ ለዓመታት አረቄ የጠጡ ሰው የማጠቃለያው ወረቀት ምክንያቱን ስላልጠቀሰ ምክንያቱን የማይገልጽ ኮድ ተሰጥቷቸዋል። በሁለቱም ጊዜ ለሐኪሙ በጽሑፍ ይጠየቅ። ጥያቄውም «ዶክተር፣ ይህ ከአልኮል ነው አይደል?» ተብሎ መልሱን የሚያቀብል አይሁን፤ «ዶክተር፣ በካርዱ ላይ ሲሮሲስና አሳይተስ ተጽፈዋል፤ የሲሮሲሱን ምክንያት፣ የሚታወቅ ከሆነ፣ ቢገልጹልን» ማለት ይበቃል።

ምልክት፦ ጠና ያለ ታካሚ «ያልተገለጸ የጉበት ሕመም» ተብሎ ይመዘገባል

ምክንያቱ በከተማችን ካርድ ሁሉ ላይ የምናየው «ዲሲኤልዲ» የተባለ ምሕጻረ ቃል ነው። ሐኪሞች ሲጽፉት ሥር የሰደደና መቋቋም ያቃተው ጉበት ማለታቸው እንደሆነ እርስ በርስ ይግባባሉ፤ መዝገቡ ግን «ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም» ሲባል የሚወስደው ወደ ኬ76.9 ነው። ሲሮሲስ የሚለው ቃል እስካልተጻፈ ድረስ ኬ74 አይሰጥም። በአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ ጉበቱ ሻካራና የተኮማተረ መባሉም የሐኪሙን ቃል አይተካም። ሌላው ስሕተት «መቋቋም ያቃተው» የሚለውን ወደ ጉበት ድካም፣ ወደ ኬ72 መተርጎም ነው፤ ይህ የኮደር ፈጠራ ነው። ለሐኪሞቻችን የምለምነው አራት ነገር በአንድ መስመር እንዲጽፉልን ነው፦ ሲሮሲስ መኖሩን፣ ምክንያቱን፣ አሳይተሱን ከነመጠኑ፣ ሌላ ውስብስብ ነገር ካለም እሱን።

ምልክት፦ የአልቡሚን ሒሳብ ውድቅ ይሆናል

ከሆድ የተቀዳው ውኃ ስንት ሊትር እንደሆነ አልተጻፈም ማለት ነው። አልቡሚን (በደም ሥር የሚሰጥ የደም ፕሮቲን) በተለምዶ የሚሰጠው ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ፣ በተቀዳው ሊትር ልክ ከ6 እስከ 8 ግራም እየተሰላ ስለሆነ «ውኃ ተቀድቷል» የሚል ማስታወሻ ለማንም አያስረዳም። ለምርመራ ይሁን ታካሚውን ለማቅለል የተቀዳውም ይጻፍ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የውኃው ምርመራ ኒውትሮፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ) በኪዩቢክ ሚሊሜትር 250 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሐኪሙ ግን ስለ ኢንፌክሽን ምንም ካልጻፈ፣ ከላቦራቶሪ ቁጥር ተነሥታችሁ የፔሪቶናይተስ (የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት) ኮድ አትስጡ፤ ጠይቁ።

ውኃው ከካንሰር ከሆነ በሲኤም አር18.0 ነው፤ ካንሰሩ ይቀድማል። ከሆድ ቲቢ ከሆነ ወደ ኤ18.3 ይሄዳል፤ ጉበት ምዕራፍ ውስጥ አትፈልጉት።

ሥርዓቱ ሰነዱን አልቀበልም ብሎ ኮዱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ቀኖቹን ተመልከቱ። የመግቢያው በአውሮፓ፣ የመውጫው በእኛ አቆጣጠር ሲጻፍ ታካሚው ሳይገባ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስላል።