ሊንካችሁ የራሳችሁ ይሁን

የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያው ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017፣ የጉግል ሶሻል ሚዲያ የነበረው ጉግል ፕላስ ደግሞ በ2019 ሲዘጉ የስንት ሰው ተከታይ አብሮ ቀረ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ የራሳችሁን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ግዙ። ፕሮፋይላችሁ ላይም ሆነ ከቪዲዮ ስር እሱን ብቻ ጻፉ። ድረ ገጽ ገና የላችሁም? ችግር የለም፤ ለጊዜው ወደ ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ቻናላችሁ እንዲመራ አድርጉት። ነገ ቻናሉ ቢዘጋ የምትቀይሩት መድረሻውን ብቻ ነው፤ ሰዉ እጅ ያለው አድራሻ ያው ነው።

የተከታዮቻችሁን ኢሜይልም ሰብስቡ። ዝርዝሩን በየወሩ በሲኤስቪ (ቀለል ያለ የሠንጠረዥ) ፋይል አውርዱት፤ ያ ፋይል ወደፈለጋችሁበት አብሯችሁ ይሄዳል።

አደራ፣ ዶሜይኑ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ፣ በሠራላችሁ ልጅ ስም አይሁን። በየዓመቱ ማደሱንም እንዳትረሱ። ሶሻል ሚዲያውን ግን አትተዉት፤ አዲስ ሰው የሚያገኛችሁ እዚያ ነው።