ስክሪን ላይ የበራው ፎቶ ወረቀት ላይ ሲወጣ ለምን ይጠቁራል፣ ቤት ውስጥስ እንዴት ነው የሚስተካከለው

እኔ ፎቶ የማትመው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ስቱዲዮ ምናምን የለኝም፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ኤፕሰን ኤል 805 በቃ። መጀመሪያ ሰሞን ለጎረቤታችን የልጅ ልጅ ክርስትና 40 ፎቶ አትሜ ይዤ ወረድኩ፣ ስክሪን ላይ እኮ ሕፃኑ ቦግ ብሎ ነበር የሚታየው፣ እማማ ፖስታውን ከፈቱና አንዱን አወጡ፣ ሁለተኛውን አወጡ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያከሰልከው?» አሉኝ። ቤት ተመልሼ ቀለሙን ጠረጠርኩ፣ ፕሪንተሩን ጠረጠርኩ፣ ወረቀት ቀየርኩ፣ አንድ ፓኬት ሙሉ ካቃጠልኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የላፕቶፔ ብራይትነስ መሆኑ የገባኝ።

ስለዚህ ሌላ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ብራይትነሱን አውርዱት። ስክሪን ራሱ ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን መልሶ ከማሳየት ሌላ የሚያደርገው የለም። ብዙ ላፕቶፕ ፉል ሲደረግ 250፣ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን የሚለካበት ነው) ይደርሳል፣ ለህትመት ሲሰራ ግን የሚመከረው ከ80 እስከ 120 ኒት አካባቢ ነው። ስክሪናችሁ በጣም ሲበራ ጨለማውን ፎቶ ብርሃን የበቃው አስመስሎ ያሳያችኋል፣ እናንተም «ቆንጆ ነው» ብላችሁ ትልኩታላችሁ፣ ፕሪንተሩ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው የሚያትመው።

የስክሪን ብርሃን መለኪያ ለሌለው ሰው እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ባዶ ነጭ ገፅ ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይ አድርጌ እከፍታለሁ፣ ከጎኑ ያልታተመበት ፎቶ ፔፐር እይዛለሁ፣ ከዛ የስክሪኑ ነጭ አምፖል መምሰሉን ትቶ ወረቀት እስኪመስል ድረስ ቀስ እያልኩ እቀንሳለሁ። የኔ ላፕቶፕ ላይ 35 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ የናንተው ይለያል። መጀመሪያ ላይ ዓይናችሁ «ጨለመብኝ» ይላል፣ አስር ደቂቃ ስጡት ይለምዳል። ናይት ላይት የሚባለውን ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን አጥፉ፣ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚለውን አዳፕቲቭ ብራይትነስም አጥፉ። አንድ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ብራይትነሱን ሳይነግራችሁ ሊቀንሰው ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ፎቶው ጨለመ ብላችሁ ታበሩታላችሁ፣ መብራት መጥቶ ስታትሙት ፊቱ ሁሉ ነጣ ብሎ ይወጣል። እኔ አሁን በባትሪ ላይ ሆኜ ፎቶ እቆርጣለሁ እንጂ ብርሃን አልነካም።

የታተመውን የምታዩበት ብርሃንም ግማሽ ስራ ነው። ቢጫ አምፖል ስር ያያችሁት ፎቶ ቀይ ቀይ ይላል፣ ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ስር ደግሞ የሰው ፊት አመድ ሊመስል ይችላል፣ ያው አንዱ ወረቀት ነው እኮ! ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይዋ በቀጥታ የማታርፍበት ቦታ ላይ እዩት። የኛ ሳሎን ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ስንት ጊዜ ከፕሪንተሩ ጋር ተጣልቼ መሰላችሁ፣ ለካ ግድግዳው ነው ወረቀቱ ላይ የሚያንፀባርቀው። ደግሞ ልክ ከፕሪንተሩ እንደወጣ አትፍረዱ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ ይቀየራል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት።

ብራይትነሱ ከተስተካከለ በኋላም ቀለሙ ካበደ ወደ ፕሪንተሩ ሂዱ። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ፣ ማለትም ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች መዘጋታቸውን የሚያሳየውን ሙከራ አትሙ፣ መስመሮቹ አንድ ቦታ ከተቆረጡ ሴቲንግ ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም፣ ለምሳሌ ማጀንታው (ሮዝ መሰሉ ቀለም) ከተዘጋ ሁሉም ሰው አረንጓዴ ይሆናል። ሄድ ክሊኒንግ፣ ማለትም ቀለም የሚረጨውን «ሄድ» ማፅዳት፣ አንዴ ሁለቴ አድርጉ፣ ደጋግማችሁ አታድርጉት ቀለም ይበላል። ፕሪንተሩን ሁልጊዜ በራሱ በተን አጥፉት እንጂ ከሶኬት አትንቀሉት፣ ሄዱ ቦታው ተመልሶ ካልተከደነ ይደርቃል፣ እያተመ መብራት ከሄደበት ደግሞ ሲመጣ መጀመሪያ አብርታችሁ ቦታው ይመለስ።

ቀጥሎ የወረቀት ዓይነት። ግሎሲ ፎቶ ፔፐር አስገብታችሁ ሴቲንጉ ላይ «ፕሌን ፔፐር» ካለ ፈዞ ውሃ የነካው መስሎ ነው የሚወጣው፣ ምክንያቱም ፕሪንተሩ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚወስነው በዛ ምርጫ ነው። ከመርካቶ የምንገዛው ወረቀት ስሙ ሊስቱ ውስጥ የለም፣ ችግር የለውም፣ የሚቀርበውን ግሎሲ ምረጡና ሞክሩ። በርካሹ የሚሸጠው ቀለም ላይም እንደዛው፣ ፕሪንተሩ ይዞት የመጣው ፕሮፋይል (ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልፀው ፋይል) የተሰራው ለራሱ ቀለምና ለራሱ ወረቀት ነው፣ ሌላ ከሞላችሁበት ትንሽ መጣመሙ አይቀርም። ርካሽ አትጠቀሙ አልልም፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን አንዱን ይዛችሁ ቆዩ፣ በየወሩ ብራንድ የሚቀይር ሰው በየወሩ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከፎቶሾፕ የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፣ ቀለሙን አንዱ ብቻ ነው ማዘዝ ያለበት፣ ወይ ፎቶሾፕ ወይ ፕሪንተሩ። «ፎቶሾፕ ማኔጅስ ከለርስ» ካላችሁ የወረቀቱን ፕሮፋይል እዛው መርጣችሁ ፕሪንተር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኖ ከለር አጀስትመንት» ማድረግ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ሁለቱም ያስተካክሉትና ፊቱ ሁሉ ቀልቶ ቁጭ ይላል። ትክክለኛ ፕሮፋይል ከሌላችሁ ለፕሪንተሩ ተዉለት፣ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ፋይሉን ኤስአርጂቢ (sRGB) በሚባለው የተለመደ የቀለም ደረጃ ያዙት፣ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፣ ቀላል ፕሮግራሞች ሁሉ እሱን ነው የሚያውቁት። አዳዲሶቹ አይፎኖች ዲስፕሌይ ፒ3 በሚባል ሰፋ ባለ ቀለም ነው የሚያነሱት፣ ይሄን በማይገባው ፕሮግራም ካተማችሁት ይደበዝዛል፣ መጀመሪያ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይሩት።

አሁን ምንም ብታደርጉ የማይገጥም ነገር ልንገራችሁ፣ ስክሪን በቀይ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚሰራው፣ ፕሪንተር ደግሞ በቀለም ነው፣ የኔዋ ስድስት አላት፣ ጥቁር፣ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ከዛ ፈዘዝ ያለ ሳያንና ፈዘዝ ያለ ማጀንታ፣ ግን ያም ሆኖ የማትደርስበት ቀለም አለ። የሐበሻ ቀሚሱ ጥበብ ላይ ያለው ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ክር ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል፣ የሚያበራ አረንጓዴም ይሞታል። ነጩ ደግሞ ይገርማል፣ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፣ የነጠላው ነጭ ማለት ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ወረቀቱ ክሬም ከሆነ ነጠላውም ክሬም ነው። ፕሮፋይል ካላችሁ ፎቶሾፕ ላይ ፕሩፍ ሴትአፕ ውስጥ እሱን መርጣችሁ ኮንትሮልና ዋይ ብትጫኑ ወረቀት ላይ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቀድሞ ያሳያችኋል፣ ሲጫኑት ያስጠላል ግን እውነቱ እሱ ነው።

እኔ ካሉት ዘዴዎች ሁሉ የማምነው ግን የሙከራ ወረቀቱን ነው። አንድ ፎቶ ምረጡ፣ የኛን የቆዳ ቀለም፣ ነጭ ልብስና ጥቁር ፀጉር አንድ ላይ ያለበት፣ አራት ቦታ አንድ ኤፎር ላይ ደርድሩት፣ አንዱ እንዳለ፣ ሌሎቹ ብርሃናቸው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ፣ አትሙና ሲደርቅ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ከስክሪኑ ጋር አወዳድሩ። የገጠመውን ስር ምን ያህል እንደጨመራችሁ፣ የቱ ወረቀት፣ የቱ ቀለም፣ ብራይትነሱ ስንት ላይ እንደነበር በእስክሪብቶ ፃፉ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዛ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በዛ ልክ ነው የምትጨምሩት።

ሰው ሲያሳትም ስልኩን አውጥቶ «እዚህ ላይ እንዲህ አይደለም እኮ» ማለቱ አይቀርም፣ ስልኩ ቪቪድ ላይ ነው፣ ቀለም ያጋንናል፣ አትጨቃጨቁ፣ ከማተማችሁ በፊት በናንተ ስክሪን አሳዩት። ፎቶውንም በቴሌግራም ሲልክላችሁ እንደ ፋይል ይላክ በሉት።

ስራው ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ የስክሪን መለኪያ ግዙ፣ ስፓይደር ምናምን የሚባለውን፣ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ እያንዳንዱን ቀለም አንብቦ ፕሮፋይል ይሰራላችኋል፣ ዲስፕሌይካል የሚባለው ነፃ ሶፍትዌርም አብሮት ይሰራል። ዋጋው ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ በወር አንዴ ቢነካ ይበቃል ደግሞ፣ እኛ ለሶስት አዋጥተን ነው የገዛነው፣ አሁን ጀሞ ያለው ጓደኛችን ጋ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ስልክ ስደውልለት «ነገ ይዤልህ እመጣለሁ» ነው የሚለኝ።