ወንበር ከተቀየረ በኋላ የኤርባግ መብራት አልጠፋ ሲል

ወንበሩ ያምራል። ሌዘሩ አዲስ ነው፣ ሽታው ራሱ ደስ ይላል። ቁልፉን ኦን ስታደርጉ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያ ቀይ ምልክት ይበራል። የተቀመጠ ሰው ነው፣ ከፊቱ ኳስ የመሰለ ነገር አለ። በርቶ ይቀራል። የገጠመላችሁ ሰው "ወንበሩ ስለተቀየረ ነው፣ ችግር የለውም" ይላችኋል። ችግርማ አለው። መብራቱ በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ብልሽት አግኝቷል ማለት ነው፤ ግጭት ቢመጣ ኤርባጉ ላይፈነዳ ይችላል።

ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፉ ኦን ሲሆን ምልክቱ ለ6 ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ከመንካታችሁ በፊት

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ከዚያ ጠብቁ። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪው ቢነቀልም ኤርባግ የሚያፈነዳ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያጠራቅማል። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፣ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚሉም አሉ። እኔ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሻይ አንድ ብርጭቆ ነው።

የጎን ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ኤርባጉ ያለው ወንበሩ ጎን ውስጥ ነው፤ ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት ታያላችሁ። ቢጫ የኤርባግ ቀለም ነው። ወደ ኤርባጉ የሚሄደው ሶኬት ውስጥ ቴስተር አታስገቡ፣ በአምፖልም አትሞክሩ። ትንሽ ኤሌክትሪክ ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል። ወንበሩ ጎን ላይ ተደፍታችሁ እየሰራችሁ ቢፈነዳ የሚያገኘው ፊታችሁን ነው።

መብራቱ ወንበሩ በተገጠመበት ቀን በርቶ ቀረ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው፣ ደግነቱ ቀላልም ነው። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ አንድ ሰው መኪናውን አስነስቶ ፈቀቅ አድርጎታል። ኮምፒውተሩ ቁልፉ ኦን ሲሆን የወንበሩን ኤርባግ ይፈልጋል፣ ሲያጣው የብልሽት ኮድ ይመዘግባል። ሶኬቱ ተመልሶ ቢገባም በብዙ መኪና ላይ መብራቱ በራሱ አይጠፋም።

መፍትሄው ባትሪውን ፈታችሁ ሶኬቶቹን ቀጭ እስኪሉ መግፋት፣ ከዚያ ኮዱን በዲያግኖስቲክ ማሽን ማስጠፋት ነው። ከስልክ ጋር የሚሰሩት ርካሽ ማንበቢያዎች በአብዛኛው የሞተር ኮድ እንጂ የኤርባግ አያነቡም። ኤርባግ የሚያነብ ማሽን ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ። አደራ፣ ከማጥፋቱ በፊት ኮዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ተመልሶ ከመጣ የትኛው ወንበር እንደሆነ በእሱ ታውቃላችሁ።

ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል

ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ ስትገፉ የሚበራ ከሆነ ገመዱ ተወጥሯል ወይም በወንበሩ ሐዲድ ተነክሷል። በባትሪ መብራት ከስር እዩት። ላቫጆ ውስጡን አሳጥባችሁ ከወጣችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ውሃ ገብቶበታል። ነቅላችሁ አድርቁት፣ እግሮቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደሆነ ተመልከቱ። በናስትሮ ጠቅልሎ መተው እዚህ አያዋጣም። የተላጠ ሽቦ ካለ ይቀየር።

ሶኬቱ አይገጥምም ወይም ይተርፋል

ይህ ከሌላ ሞዴል የመጣ ወንበር ምልክት ነው። የእናንተ መኪና የጎን ኤርባግ አለው፣ አዲሱ ወንበር የለውም፤ ወይም አለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ከጃፓን ቀኝ መሪ መኪና የወጣ ወንበርም ያታልላል። እዚያ የግራው ወንበር የተሳፋሪ ነው፣ ስለዚህ ከስሩ ያሉት ሴንሰሮችና የቀበቶው መቆለፊያ ሽቦ ከእናንተ የሾፌር ወንበር ጋር ላይስማሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው "በሬዚስተር እናጥፋልህ" የሚባለው። ከ2 እስከ 3 ኦም ገደማ የሆነች ትንሽ ዕቃ ሶኬቱ ላይ ትገባለች፣ ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያገኘ ይመስለዋል። መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባጉ ግን የለም። እባካችሁ አታድርጉት። ነገ መኪናውን የሚገዛችሁ ሰው በምን ያውቃል?

ትክክለኛው መፍትሄ የራሱን ወንበር መመለስ ወይም የዚያኑ ሞዴልና ዓመት ወንበር ከነኤርባጉ መፈለግ ነው። ሶማሌ ተራ ስትገዙ የወንበሩን ውጫዊ ጎን ዳስሱ። ስፌቱ ተተርትሮ እንደገና የተሰፋ ከሆነ ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፣ ተዉት።

መብራቱ ጭራሽ አይበራም

ያችን 6 ሰከንድ አስታውሱ። እኔ ያገለገለ ኮሮላ ስገዛ ዳሽቦርዱ ንጹህ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ከወራት በኋላ አንድ ኤሌክትሪሺያን "ቁልፉን ኦን አድርግ" አለኝ። ሌላው ሁሉ በራ፣ የኤርባጉ ብቻ ጨለማ ነው። ዳሽቦርዱን ፈታው። ከምልክቱ ጀርባ ጥፍር የምታህል ጥቁር ናስትሮ ተለጥፋለች። ከተሳፋሪው ወንበር ስር ደግሞ ቢጫው ሶኬት ተቆርጦ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠማዘዋል። እናቴን የማስቀምጣት እዚያ ወንበር ላይ ነበር። ያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ።

የተሳፋሪው ኤርባግ "ኦፍ" ይላል፣ ሰው ግን ተቀምጧል

ይህ በተለይ ከአሜሪካ በመጡ መኪኖች ላይ ይታያል። የተሳፋሪው ወንበር ክብደት ይመዝናል፣ ሕፃን ወይም ባዶ ወንበር ሲሆን የፊቱን ኤርባግ ያጠፋል። ወንበሩ ሲፈታና ሲገጠም፣ ስፖንጁ ሲቀየርም ሚዛኑ ይዛባል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ሚዛኑ በማሽን ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ወንበሩ ስር ዣንጥላም ሆነ ጫማ አይኑር።

ምንም መብራት የለም፣ ግን ልባሱ ተቀይሯል

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስጠነቅቃችሁ ነገር የለም። የጎን ኤርባግ ያለው ወንበር በበሩ በኩል ጎኑ ላይ ትንሽ "ኤርባግ" የሚል ጽሑፍ የተሰፋበት ነው። እዚያ ያለው ስፌት ሆን ተብሎ ደካማ ክር የገባበት ነው፤ ኤርባጉ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ ሳይቆይ ቀዶት ይወጣል። ልባስ ሰፊው ወፍራም ሌዘር ደርቦ በጠንካራ ክር ቢሰፋው ኤርባጉ በሰዓቱ አይወጣም፣ ወይም በሌላ አቅጣጫ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ሽቦውን እንጂ ክሩን አያይም።

ስለዚህ ልባስ ከማሰራታችሁ በፊት ጽሑፉን ለሰፊው በጣታችሁ አሳዩት። ያን ጎን ክፍት የሚተው ልባስ ይስራላችሁ፣ ወይም ለኤርባግ ወንበር ተብሎ የተሰራ ግዙ። አስቀድሞ ተሰፍቶ ከሆነ ያን ጎን ተርትሩት።

የእኔ ኮሮላ ተቆርጦ የነበረው ሽቦ ከነሶኬቱ ተቀየረ፣ የዚያው ዓመት ወንበርም አገኘሁ። አሁን ቁልፉን ኦን አድርጌ እስከ ስድስት ሳልቆጥር አላስነሳም።