የማሽን ቦታንና የሥራ ተራን አንድ ላይ እንዴት መወሰን ይቻላል?

የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን የት ይተከል የሚለውና ከየመሰብሰቢያው የመጣው ቡና በምን ተራ ይፈልፈል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይወሰናሉ። ይሁንና ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚጎዳ፣ ሁለቱን መነጣጠል ኪሳራ አለው። ሄነስና ሃማኸር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ሞዴል ያዋሐዱበት ጥናት መነሻ የሆነለት ዘርፍ ዛሬ ስኬሎክ (ScheLoc፣ ተራ ማውጣትና ቦታ መምረጥ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጣምረው) በሚል ስም ይታወቃል።

ለምሳሌ በአንድ መንገድ ላይ «ሀ»፣ «ለ» እና «መ» የተባሉ ሦስት መሰብሰቢያዎች አሉ እንበል፤ ከሀ እስከ ለ 3 ሰዓት፣ ከለ እስከ መ 1 ሰዓት ያስኬዳል። የሀ ቡና ለመፈልፈል 5 ሰዓት፣ የለና የመ እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት ይወስዳሉ። የጉዞውን ድምር ብቻ ያየ ሰው ማሽኑን ለ ላይ ይተክላል፤ ማሽኑም ለን እና መን በ2 ሰዓት ጨርሶ የሀን ጭነት 1 ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሥራውም በ8ኛው ሰዓት ያልቃል። በመንገዱ እኩሌታ ላይ ቢተከልም ውጤቱ ያው 8 ነው። ሀ ላይ ቢተከል ግን ማሽኑ ሥራ ሳይፈታ በ7 ሰዓት ይጨርሳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ማሽኑ ሊተከልባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ይዘርዝሩ፤ እጥበቱ ብዙ ውኃ ስለሚፈልግ ዝርዝሩ በራሱ አጭር ይሆናል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቦታ የእያንዳንዱን ጭነት መድረሻ ሰዓት፣ ማለትም ጭነቱ የሚዘጋጅበትን ሰዓትና የጉዞውን ጊዜ ደምረው ያስሉ። ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን መኪናው በትክክል በሚፈጅበት ሰዓት መለካት ግድ ነው። ማሽኑ አንድ ከሆነና ግቡ የመጨረሻው ሥራ የሚያልቅበትን ሰዓት ማሳጠር ከሆነ፣ ቀድሞ የደረሰውን ቀድሞ መፈልፈል ከሁሉ የተሻለው ተራ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ለየቦታው በዚህ ተራ አስልቶ ትንሹን መምረጥ ይበቃል። ግቡ የጭነቶቹን አማካይ የማለቂያ ሰዓት ማሳጠር ከሆነ ግን ይህ ደንብ አይሠራም።

ማሽኖቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ችግሩ እጅግ ይከብዳል፤ ኢንቲጀር ፕሮግራሚንግም፣ ማለትም ተለዋዋጮቹ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚሆኑበት የተሻለውን መፍትሔ የመፈለጊያ የሒሳብ ዘዴ፣ ያስፈልጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ የትኛው ጭነት ከየትኛው ይቅደም ለሚለው ለእያንዳንዱ ጥንድ ተለዋዋጭ ይፈጥራሉ፤ ይህ ሞዴሉን ያለ ጥቅም ያሳብጠዋል። በእያንዳንዱ ቦታ ተራው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ የሚያስፈልጉት ማሽን የሚተከልበትን ቦታና ጭነቱ የሚመደብለትን ማሽን የሚወስኑ የ0 እና 1 ተለዋዋጮች ብቻ ናቸው። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጭነትና ቦታ ይህን ገደብ ይጻፉ፦ ጭነቱ እዚያ ከተመደበ፣ የመጨረሻው ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት፣ የጭነቱ መድረሻ ሰዓት ከእርሱና አብረውት ወይም ከእርሱ በኋላ ደርሰው በዚያው ቦታ ከተመደቡት ጭነቶች የመፈልፈያ ጊዜ ጋር ተደምሮ ከሚገኘው ማነስ የለበትም። ለ ላይ በተተከለው ማሽን ይህ ለሀ ጭነት 3 ሲደመር 5፣ ማለትም 8 ይሰጣል።

መፍትሔው ሲገኝ የጉዞውን ጊዜ በዝናብ ቀን ልክ አርዝመው እንደገና ያስሉ። ተራው በየቀኑ ሊቀየር ይችላል፤ ማሽኑ ግን ከተተከለበት ለዓመታት ስለማይነሳ፣ በሁለቱም ስሌት ጥሩ ሆኖ የሚገኘውን ቦታ ማስቀደም ይሻላል።