ጠዋት ወስዋሳ፣ ማታ ደፋር

24 ዓመቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠዋት በሩን ቆልፌ ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ "ግን ቆልፌዋለሁ?" እላለሁ። እመለሳለሁ። አራቴ የተመለስኩበት ቀን አለ። ማታ ደግሞ ያው ሰውዬ ሳያስብ የኳስ ውርርድ ቲኬት ይቆርጣል። ደመወዝ በገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ 1,800 ብር በልቶኛል።

ያየችኝ የአእምሮ ጤና ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ልታደርገው ስትል ምን ይሰማሃል?" ብላ ነው። ቲኬቱ ላይ ጉጉት ይጎትተኛል፣ በሩ ላይ ጭንቀት ይገፋኛል። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን፣ ቦታውንና ስሜቱን ጻፉ። እኔ የምወራረደው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ እራት ሳልበላ እንደሆነ ያወቅሁት ከወረቀቱ ነው።

መለየቱ ያስፈለገው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ከቁማሩ መሸሽ ያስፈልጋል፤ ከጭንቀቱ ግን አይሸሽም።

የበሩ ነገር ኦሲዲ (OCD) ይባላል፤ የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ መታጠብ ያለ ድግግሞሽ ማቆም ያቃታቸውን ሰዎች የሚፈሩትን ነገር እያጋፈጠ፣ ድግግሞሹን ያስከለከለበትን ሕክምና አሳተመ። ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። ከቀላሉ ጀምሩ። እኔ በመብራቱ ጀመርኩ፤ አጥፍቼ፣ ዞር ብዬ ሳላይ መውጣት። በሩን ለመጨረሻ አቆየሁት። አንዴ ብቻ ቆልፌ በሄድኩበት ቀን ታክሲ ውስጥ ሜክሲኮ እስክደርስ ላብ አጠመቀኝ። ቢሮ ገብቼ ሻይ ስጠጣ ረስቼው ነበር።

አንድ ነገር አታድርጉ፦ ጓጉንቸሩን ፎቶ አታንሱ። ብልጠት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ፎቶው የዛሬ ይሁን የትናንት መጠራጠር ጀመርኩ። ሰው መጠየቅም ያው ነው። እህቴን "ቆልፌያለሁ አይደል?" ስላት "አልመልስልህም" እንድትለኝ ተስማማን። ከሚገባው በላይ ደስ እያላት ነው የምትለው።

ለቁማሩ ደግሞ መንገዱን አርዝሙት። አፑን አጠፋሁ። ደመወዝ እንደገባ የቤት ኪራይና ዕቁብ ወዲያው እልካለሁ፣ የቀረውን እናቴ ትይዝልኛለች። አምሮቱ ሲመጣ ስልኬን ቤት ትቼ ሱቅ እወርዳለሁ። የእኔ ብዙ ጊዜ በ20 ደቂቃ ይበርዳል። "የበላኝን ላስመልስ" የምትለዋን ሐሳብ ግን አትመኑ። ከሁሉ በላይ ያከሰረችኝ እሷ ናት።

ሐሳቡ ወይም ድግግሞሹ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ወይም ዕዳ ከተቆለለ፣ ብቻችሁን አትታገሉ። ኦሲዲ ብዙ ጊዜ በወጣትነት ነው የሚጀምረው፤ "ዕድሜ ያስተካክለዋል" እያሉ መጠበቅ አይጠቅምም። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪም ክኒን ካዘዘ ለውጡ እስኪታይ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብላችሁ አትተዉት። እናቴ ጠበል ወስዳኛለች፣ ሄጃለሁም። ክኒኑን ግን አላቋረጥኩም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ዛሬ ጠዋት አንዴ ተመልሻለሁ። ተቆልፎ ነበር።