ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ አትበትኑት፣ ስም ስጡት

ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስትጀምሩ የምትጽፉት ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

850 + 850 * 0.15

ይሠራል፣ 977.5 ይሰጣችኋል። ግን 0.15 ምንድነው? ቫት ነው? ቅናሽ? ኮሚሽን? ዛሬ ታውቁታላችሁ፤ ከወር በኋላ ግን እናንተው ራሳችሁ ትደናገራላችሁ። ስለዚህ፦

ኮንስት ቫት = 0.15;
ሌት ዋጋ = 850;
ሌት ጠቅላላ = ዋጋ + ዋጋ * ቫት;

ኮንስትና ሌትን ኤዲተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል const እና let ብላችሁ ነው የምትጽፏቸው። የቫሪያብሉን፣ ማለትም ቁጥሩን የያዘውን ነገር፣ ስም ግን በአማርኛ ብታደርጉት ጃቫስክሪፕት ቅር አይለውም፣ የምሬን ነው፣ ሞክሩት። ብቻ የአማርኛ ኪቦርዳችሁ በእንግሊዝኛው ; ፈንታ የአማርኛውን ፤ እንዳያስገባባችሁ፣ እሷ ኤረር ታመጣለች። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የማይቀየረውን በኮንስት፣ የሚቀየረውን በሌት ያዙ።

ጥቅሙ የሚታያችሁ ቁጥሩ ሲቀየር ነው። ሳውዲ በፈረንጆቹ ጁላይ 2020 ቫቷን ከ5 ወደ 15 በመቶ አሳድጋለች። እስቲ አስቡት፣ 0.05ን ኮዱ ውስጥ እዚህም እዚያም በትኖ የጻፈ ሰው አንድ በአንድ ሊለቅም ነው፤ ሰልችቶት ሁሉንም ባንዴ ከተካው ደግሞ 5 በመቶ የነበረው ቅናሽም አብሮ 15 ይሆንና ሱቁ ይከስራል። ስም የሰጠው ሰው አንድ መስመር ነክቶ ይገላገላል።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚሸወድባት ነገር። ከላይ ካለው ኮድ ሥር ይህን ጨምሩ፦

ዋጋ = 1200;

ጠቅላላ ስንት ሆነ? 1380 ካላችሁ ተሸውዳችኋል፣ አሁንም 977.5 ነው። ኤክሴል ላይ አንዱን ሴል ስትቀይሩ ሌላው ራሱ ይስተካከላል፤ እዚህ ግን ሒሳቡ የተሠራው ያ መስመር በተነበበበት ቅጽበት ነው፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ቢቀየር ጠቅላላ ወሬውንም አይሰማም። ጠቅላላ የሚለውን መስመር ሌት ሳትሉ ድገሙት፣ ወይም ሒሳቡን ፈንክሽን (በስሙ ስትጠሩት የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ውስጥ አስገቡትና በየጊዜው ጥሩት።

ስም ስታወጡ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ አትለፉት፣ ያ ከቁጥሩ ብዙም አይሻልም። ሁለት ቃል ካስፈለገ ክፍተት አይፈቀድምና ጠቅላላ_ዋጋ ብላችሁ አያይዙት።

ደግሞ አታብዙት። የሦስት ማዕዘን ስፋት ስታሰሉ ለ2 የምታካፍሉበትን 2 ማንም መንግሥት በአዋጅ አይቀይረውም፣ እንዳለ ተዉት።