የውድድር መኪና ሞዴል ሲያነጻጽሩ ከቀለሙ በፊት ማስመሪያ ያንሡ

እ.ኤ.አ. በ1962 ለውድድር የቀረበው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከፊት ጎማው መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል 2400 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 1 ለ 18 ተብሎ የሚሸጥ፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና 18 ጊዜ ያነሰ የብረት ሞዴሉ በዚሁ ልክ 133 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ1 ለ 43ቱ ደግሞ 56 ገደማ ሊሆን ይገባል። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ሁለት ሞዴሎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስለካ፣ በሁለቱም ካርቶን ላይ 1 ለ 18 ተጽፎ ሳለ አንደኛው 128 ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ የሞዴሉን አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉን ይመልከቱ፤ ግማሽ ክብ የሚመስሉት ሦስቱ ትንንሽ የአየር ማስገቢያዎች በጥሩ ሞዴል ላይ በእርግጥ የተበሱ ሲሆኑ፣ በደካማው ላይ ግን ጥቁር ቀለም ብቻ ናቸው። የበሩ ጠርዝ በወፍራም ቀለም የተደፈነውን ሞዴል፣ ዋጋው ቢረክስም፣ እኔ አልገዛውም።